ለባለመንኮራኩሯ መርከብ የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ

ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ታርኔት ሜልበርን ዳር ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ዛፉ ሁሉ ገና በእንጨት የተደገፈ፣ ቀን ቀን ሰው የሚባል አይታይበትም። ማለዳ ተነስቼ እስከ መንገዱ መጨረሻ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። የጓሮውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ በማግስቱም ደገምኩት። ባለቤቴ አንድ ሳምንት ታገሰችኝና "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ ራሴን አዞርከው እኮ!" አለችኝ። ወጣሁ።

የሰፈራችን ባቡር ጣቢያ ገና መከፈቱ ነበር። ፉትስክሬይ ወረድኩ፣ ሌላ ባቡር ያዝኩ፣ ዊሊያምስታውን ሐዲዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄድኩ። ባሕር ለማየት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ባሕር ከጠገብኩ ቆይቻለሁ። ሐዲዱ ስላለቀ ብቻ ነው የወረድኩት። ከወደቡ ዳር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አሮጌ አዳራሽ አለ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከውስጥ የመጋዝና የሞረድ ድምፅ ይሰማል። ገባሁ። ጥቂት ጡረተኛ ፈረንጆች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው የመርከብ ሞዴል ይሠራሉ።

መርከቢቱ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት። አካሏ እንጨት ነው፤ በግራና በቀኝ ጎኗ እንደ ውሃ ወፍጮ ያሉ ሁለት ትላልቅ መንኮራኩሮች አሏት፤ መሐሏ ላይ ቀጭን ረጅም የጭስ ማውጫ ቆሟል። ሠሪዎቿ እንፋሎቱን ብቻ አላምን ብለው ሸራም ጨምረውላታል። ግድግዳው ላይ የሞተር ክፍሏ ንድፍ ተለጥፏል። ንድፉን አየሁ፣ ሞዴሉን አየሁ፣ ዝም ልል ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፤ ዝምታ መቼም አልተፈጠረልኝም። ከእንፋሎት ማፍያው፣ ከቦይለሩ የሚወጣውን ቧንቧ በተሳሳተ ጎን ገጥመውታል። አጠገቤ ለነበረው ነገርኩት። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ንድፉንና ሞዴሉን እያፈራረቀ አየና "ይህን የት ተማርከው?" አለኝ። "ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ኢትዮጵያ" አልኩት። ኢትዮጵያ ባሕር አላት እንዴ ብሎ አልጠየቀኝም። ለዚህ ብቻ ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ቀን ሆነ።

ይህ ሰው ዕድሜውን በመርከብ ጥገና የጨረሰ፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው፤ የሥራው ኃላፊም እሱ ነበር። አንድ ቀን የመርከቢቱን የአገልግሎት መዝገብ ቅጂ ሰጠኝ። ባቡር ላይ ማንበብ ጀመርኩና መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

መዝገቡ ምንም አያሽሞነሙንም። ተሠራች ይላል፤ ውሃ ላይ ወረደች፤ በመጀመሪያ ጉዞዋ አንደኛው መንኮራኩር ተሰብሮ ተጎትታ ተመለሰች። ወደ ቻይና ባሕር ተላከች፤ እዚያ አንድ ወንዝ አፍ ላይ አሸዋ ይዟት ብዙ ቀን ተቀረቀረች፤ አዛዥዋ ተከሶ ተወቀሰ። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሄዳ የባሪያ ነጋዴዎችን መርከቦች አባረረች፤ አብዛኞቹ አመለጧት። መንኮራኩር ለጦርነት የሚሆን ነገር አይደለም። ከሰል ይፈጃል፣ ለጠላት መድፍ ይጋለጣል፣ ጎኗን ስለያዘው ለራሷ መድፍ ቦታ አያስተርፍም፤ ማዕበል ሲያጋድላት ደግሞ አንደኛው ውሃ ውስጥ ይሰጥምና ሌላው አየር ላይ በባዶ ይሽከረከራል። ባለፕሮፔለሮቹ ሲመጡ እሷ አረጀች። "ከአገልግሎት ውጭ" ተብላ ዓመታት ወደብ ላይ ታሰረች። እንደገና ተፈለገችና ወደ ቀይ ባሕር፣ ወደ ዙላ ተላከች። በስተመጨረሻ ሜልበርን መጥታ የባሕሩን ጥልቀት ስትለካ ቆየች። ከዚያ ሞተሯን አውጥተው የከሰል ማከማቻ አደረጓት። ኋላም ፈልጠው ለማገዶ ሸጧት።

ዙላ የሚለውን ስም ደግሜ አነበብኩት። ከምጽዋ በስተደቡብ ያለ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ በጀልባ ሄጄበታለሁ። መዝገቡ ስለዚያ ጊዜ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ መልህቅ ጥላ ለጦሩ የሚጠጣ ውሃ ስታጣራ ቆየች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማልወደውን ነገር ልናገር። በእኛ ሰው ዘንድ እኔ "ካፒቴን" ነኝ። ነገሩ የጀመረው አንድ ክርስትና ላይ ነው። አንድ ሰው "ባሕር ኃይል ነበሩ አሉ፣ መርከብ ላይ ሠርተዋል?" አለኝ። ሠርቻለሁ አልኩ። እውነት ነው። ምግብ ሲቀርብ "ካፒቴን፣ ይቅደሙ እንጂ" አለኝ። ቀደምኩ፤ ርቦኝም ነበር። የእኛ ሰው ለአክብሮት ሲል አንድ ደረጃ ይጨምራል። ነርሱን ዶክተር ይለዋል፣ አሥር አለቃውን ሻምበል፣ ዲያቆኑን መሪጌታ፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ባለማዕረጉ በጊዜ "ኧረ አይደለሁም" ካለ እዚያው ያበቃል። እኔ አላልኩም። በዚያ ሳምንት አላልኩም፣ በዚያ ዓመት አላልኩም፣ ከዚያ በኋላ ማለት አፍ የሚያስይዝ ሆነ። ባቡር በማጸዳበት ዘመን በሺፍቴ መሐል ስልክ ይደወልና "እንዴት ዋሉ ካፒቴን?" ይሉኛል፤ መወልወያውን ወንበር ላይ ደገፍ አድርጌ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ሳልሾም በላሁ።

ለራሴ ግን ምክንያት ነበረኝ፤ ለልጄ ነው እል ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለችን። የባቡር ጠራጊ ልጅ ከምትባል የካፒቴን ልጅ ብትባል ምን ይጎዳል?

ልጄ አድጋ ፋርማሲስት ሆናለች፤ ሜድስቶን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በዚያው ሰሞን ሊያገባት የሚፈልግ መልካም ልጅ መጣ፤ ቤተሰቦቹ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያሉ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ልንልክ ነው ብለው ቀን ጠየቁ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ላለው እሑድ ተስማማን። ደስታዬ አንድ ምሳ አልሞላም። ባለቤቴ ሳህን እያነሳች ከሽማግሌዎቹ አንዱ የልጁ አጎት እንደሆኑ ነገረችኝ፤ ምጽዋ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ። በእሳቸው ዘመን ካፒቴን የነበሩትን በጣታቸው ይቆጥሯቸዋል። እኔ ከመካከላቸው የለሁም።

"አንተው የተቀበልከውን ሹመት አንተው መልስ" አለች ባለቤቴ። እሷ እውነቱን ሱዳን ከተገናኘንበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። "ለልጅቱ ራስህ ንገራት። ሽማግሌ ፊት ከምትሰማው ካንተ ትስማው።"

"እነግራታለሁ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እንቅልፌ ሸሸ። ፉትስክሬይ መቀየር ሲገባኝ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ። አዳራሹ ውስጥ አንዷን የመንኮራኩር መቅዘፊያ ሦስት ጊዜ ሞርጄ ከልክ በላይ አሳነስኳት፤ የአዳራሹ ሽማግሌ ሌላ እንጨት አቀበለኝ።

ሐሳቤን ለማስቀየር ይሁን ሌላ አላውቅም፣ በዚያው ቀን አንድ ሥራ ሰጠኝ። ሞዴሉ ሲያልቅ ከጎኑ የመርከቢቱ ታሪክ በአካባቢው በሚነገሩ ቋንቋዎች ይለጠፋል፤ አማርኛውን አንተ ጻፈው አለኝ። ደስ አለኝ። መጻፍ እችልበታለሁ። በዕድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡ ትንሽ ይነግረኛል፣ የቀረውን ልማዱ ይነግረኛል። በሕይወት ታሪክ ውስጥ ከሥራ የተባረረ የለም፣ ከሚስቱ የተፋታ የለም። ሥራ ፈትቶ የኖረው "ቤተሰቡን በቅርብ ይንከባከብ ነበር" ይባላል፤ ተሳዳቢው "እውነትን ፊት ለፊት የሚናገር" ይሆናል። ሟች ይከበራል፣ ለቀስተኛ ይጽናናል፣ ማን ተጎዳ?

በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። መርከቢቱ በታወቀ ሥፍራ ተሠርታ፣ ገና በለጋ ዕድሜዋ ለከፍተኛ ግዳጅ ታጭታ፣ በቻይና ባሕር ከባድ ኃላፊነት ከተወጣች በኋላ በአንድ ወንዝ አፍ ለጥቂት ቀናት ዕረፍት አድርጋ፣ የባሪያ ነጋዴዎችን መግቢያ መውጫ አሳጥታ፣ በቀይ ባሕርም ተገኝታ ለሀገራችን የማይረሳ ውለታ ውላ፣ በመጨረሻም በሜልበርን ከተማ በክብር አረፈች። "በተወለደች" ብዬ ዕድሜዋን ልጨምርበት ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌው ሌላ አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው አለ። ከልጄ ሌላ ማን አለኝ? ሜድስቶን አጠገብ ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተገናኘን። በልቤ ይህንን ካነበበች በኋላ ያንንም እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አማርኛ የተማረችው የቅዳሜ ትምህርት ቤት ስለሆነ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ነው የምታነበው። መዝገቡንም አጠገቧ ዘረጋችው። መሐል ላይ ስትደርስ መሳቅ ጀመረች።

"አባዬ፣ ይሄ የፊውነራል፣ የቀብር ጽሑፍ ነው እንዴ?"

"የአገልግሎት ታሪኳ ነው።"

"አሸዋ ላይ የተቀረቀረችውስ የታለ?"

"ዕረፍት አደረገች ብያለሁ አይደል?"

"አባዬ!"

"አልሸሹም ዞር አሉ ነው" አልኳት። ትርጉሙን ጠየቀችኝ፤ ሸሽተው ሳለ ሸሹ እንዳይባል ነው ብዬ ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጣቷ ቀይ ባሕር ላይ ቆመ። ሳቋም ቆመ።

"ይሄ ጦር መቅደላ የሄደው ነው? ንጉሡን ሊወጋ የመጣው?"

"ነው።"

"እና ለሀገራችን የዋለችው ውለታ ምንድን ነው?"

ውለታ የሌለበት የሕይወት ታሪክ ጽፌ ስለማላውቅ እጄ በልማድ አስገብቶት ነው። ሊወጋን ለመጣ ጦር ውሃ ያቀረበችን መርከብ በገዛ አማርኛዬ አመሰገንኳት! በራሴ ተናደድኩ። ንዴቴን ደግሞ በልጅቱ ላይ አወጣሁት፤ አንቺ ስለ ታሪክ ምን ታውቂያለሽ፣ ሁለት ቅዳሜ ተምረሽ አዋቂ ሆንሽ አልኳት። በአማርኛ አልመለሰችልኝም። ሲከፋት ወደ እንግሊዝኛ ነው የምትሄደው። መርከቧ አሳምረኝ ብላ አልለመነችህም፣ አንተ ስለ እሷ ምን ያሳፍርሃል አለችኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሳሁ። "ላድርስህ፣ መኪናዬ እዚህ ነው" አለች። "ባስ አለ" አልኩ። ልነግራት የሄድኩትን ሳልነግራት ቀረሁ።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከሞዴሉ ፊት ቆሜ እንደ አዲስ ጀመርኩ። መዝገቡ ተቀረቀረች ያለውን ተቀረቀረች አልኩ፣ አመለጧት ያለውን አመለጧት አልኩ። ዙላ ላይ ስደርስ እጄ አልሄድ አለ። ያቺን አንድ መስመር ከማንም በላይ የማውቃት እኔ ነኝ፤ የእኔም አገልግሎት እሷው ናት።

አንድም ቀን መርከብ አልመራሁም። የቦይለር ክፍል ባሕረኛ ነበርኩ፤ ከላይ ያሉት "ጥቀርሻ" ይሉናል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መርከባችን መለዋወጫ ጠፍቶ ከምጽዋ ወደብ ጋር እንደታሰረች ቀረች። ቦይለሩ ብቻ ይነዳል፤ የባሕር ውሃ እያፈላን፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዝን የሚጠጣ ውሃ እናወጣለን። የጨው መለኪያው መሣሪያ ስለተበላሸ በምላሴ ነበር የምቀምሰው፣ በየሰዓቱ። ጨው ካለፈ ቧንቧው ቀዷል ማለት ነውና ውሃው ይደፋል። በሁዳዴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀምሼ እተፋለሁ፤ የነፍስ አባቴ የሰው ነፍስ ነውና አይያዝብህም ብለውኛል። ሙቀቱ ቆዳ ይልጥ ነበር። በማለዳ የወታደሩ ሚስቶችና የከተማው ሴቶች ጄሪካን ይዘው መሰላሉ ሥር ይሰለፋሉ። ካፒቴኑን የሚጠብቅ አልነበረም። የሚጠብቁት እኔን ነበር፤ "ዛሬስ ጣፈጠ?" ይሉኛል፣ "ጣፍጧል" እላቸዋለሁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ከዚህ የሚሻል ምን ነበረኝና ነው ካፒቴን የሆንኩት?

ዙላ ላይ የዚያችን መርከብ ቦይለር ያነደደውን ሰውዬ አሰብኩት። ላቡን አውቀዋለሁ፤ ውሃውን ግን ለማን እንዳቀረበም አውቃለሁ። ልወደውም ልጠላውም አልቻልኩም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዙላ ላይ መልህቅ ጥላ ወደ መቅደላ ለሚዘምተው የእንግሊዝ ጦር ከባሕር የሚጠጣ ውሃ አጣራች። ጦሩ ሀገራችንን ወግቶ ተመለሰ።" ሽማግሌው ወረቀቱን አየና "አጠረ እኮ" አለኝ። "አዎ፣ ውሸቱ ቦታ ይዞ ነበር" አልኩት። ያ ጽሑፍ ነው የተለጠፈው።

ለመርከቢቱ ተቻለኝ፤ ለራሴ ግን አሁንም አልተቻለኝም። ቅዳሜ ለልጄ ደወልኩ። "ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለች። "አሥር ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ቀደም በይ" አልኩና ዘጋሁ።

እሑድ አራት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ አጣፍተው መጡ። እንደ ደንቡ ልጄ መኝታ ቤት ገብታለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል። የልጁ አጎት ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲቆሙ እንኳን መኮንንነታቸው ያስታውቃል። እጄን ጨብጠው ዓይን ዓይኔን እያዩ "እንደምን ዋሉ፣ ካፒቴን" አሉኝ። ወንበር አሳየናቸው። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ፣ ይህም ደንቡ ነው። ልጃችሁ ልጅ ትሁነን፣ ልጃችን ልጅ ይሁናችሁ ብለው ጠየቁ። አሁን የእኔ ተራ ነው። ተቀመጡ ማለት ነበረብኝ።

"አባቶቼ፣ ገና አትቀመጡ" አልኩ። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ አየችኝ። "ካፒቴን ብላችሁኛል። አይደለሁም። አልነበርኩምም። ቦይለር ክፍል ውሃ የማጣራ ባሕረኛ ነበርኩ፤ እርስዎ ምጽዋ ስለነበሩ ሥራውን ያውቁታል። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲጠራኝ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። ለልጄም አልነገርኳትም፤ ያው አሁን ከውስጥ እየሰማችኝ ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መዛመድ ካልፈለጋችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።"

አጎትየው ወደ ሌሎቹ አዩና አንድ እርምጃ ጠጋ አሉኝ።

"ይህንን እናውቃለን" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቀን የተቆረጠ ሳምንት ልጅዎ ቤቴ መጣች፣ ብቻዋን። 'አባቴ ካፒቴን አልነበረም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ወረቀቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምሞላለት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ' አለችኝ። 'ግን እባክዎ ሰው ፊት ካፒቴን ይበሉት፤ ከተዋረደ አይችለውም' አለች። እምቢ አልኳት። ያንን ማዕረግ በደማቸው ያገኙ ጓደኞቼን ቀብሬያለሁ አልኳት።" ወደ መኝታ ቤቱ በር አዩ። "እግሬ ላይ ወደቀች። እዚህ አገር ያደገች ልጅ! እሺ ካላሉኝ አልነሳም አለች። እሺ ብዬ አነሳኋት።"

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ስንት ዓመት ልጄ ቀና ብላ እንድትሄድ ነው እያልኩ ያቆየሁት ስም፣ እሷን ሰው እግር ሥር ጥሏት ኖሯል። ከመኝታ ቤቱ በኩል የታፈነ ልቅሶ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መልሴን ይጠብቃሉ። ልጃችንን ሰጥተናል ማለት የአባት ነው፤ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣልኝም።

ባለቤቴ ከጓዳው በር ወደ ፊት መጣችና "ተቀመጡ፣ አባቶቼ፤ ሰጥተናል" አለች።